ቅጣቱን ለጨረሰ ሰው የሥራ በር

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ ጉዳይ ነው። ታስሮ ስለወጣ ሰው እናወራለን። በሐሰት ተከሶ ስለታሰረው አይደለም፤ በእርግጥ አጥፍቶ፣ ተፈርዶበት፣ ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ሰፈሩ ስለተመለሰው ሰው ነው። ይህ ሰው ሥራ ሲጠይቀን ምን እንመልስለታለን?

አንድ ወጣት አስቡ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ከሚሠራበት መጋዘን ዕቃ አውጥቶ ሲሸጥ ተያዘ። ፍርድ ቤት አራት ዓመት ፈረደበት። ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ፣ ጠባዩ ታይቶ በአመክሮ ወጣ። እስር ቤት ሳለ የእንጨት ሥራ ተምሯል፤ ሶላቱን ይዟል፤ ቁርኣን ማንበብም የለመደው እዚያው ነው። ሲወጣ እናቱ እያለቀሰች ተቀበለችው። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ጠጣ፤ «እንኳን አላህ ለዚህ አበቃህ» ተባለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ፍለጋ ወጣ። አንዱ ዘንድ መታወቂያ አምጣ ተባለ፤ የታደሰ የለውም። ሌላው ዘንድ ተያዥ አምጣ ተባለ፤ አጎቱን ጠየቀ፤ አጎቱም «ልጄ፣ እኔስ አምንሃለሁ፣ ግን ሰው ምን ይለኛል?» አለው። ሦስተኛው ዘንድ አሻራ ሰጥተህ ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት አምጣ ተባለ፤ ዳግመኛ እዚያ ድርጅት አልተመለሰም። አራተኛው የአባቱ ወዳጅ የሆነ ነጋዴ ነው፤ መስጂድ ውስጥ አንድ ሶፍ ላይ አብረው ይቆማሉ። እሱ ምንም ወረቀት አልጠየቀውም፤ «ቦታው ተይዟል» ብቻ አለው። ቦታው ግን አልተያዘም ነበር።

ዳኛው የፈረደው አራት ዓመት ነው። ከአራት ዓመቱ በኋላ ያለውን የፈረደው ማን ነው? ይህኛው ይግባኝ የሌለው፣ ማብቂያ ቀን የሌለው፣ አመክሮም የማያውቅ ፍርድ ነው። የሚፈርደውም ሱቅ ያለው፣ ጋራዥ ያለው፣ ዳቦ ቤት ያለው፣ ለቤቱ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ተያዥ ሁን ሲባል ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ነው። ማለትም እኛ ነን።

ስለ ስርቆት ሲነሳ ዱዓቶቻችን ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ሐዲስ አለ። መካ በተከፈተችበት ጊዜ ከበኒ መኽዙም ጎሳ የሆነች የትልቅ ቤተሰብ ሴት ሰረቀች። ቁረይሾች አፈሩና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱትን ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡ። ትልቁ ሲሰርቅ እየታለፈ ደካማው ሲሰርቅ የሚቀጣበት ሕዝብ እንደጠፋ አስታወሱ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሆን እንኳ ፍርዱ እንደማይቀር ተናገሩ። ፍርዱም ተፈጸመ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆማለን። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ግን እዚህ አያቆምም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከዚያ በኋላ የሆነውን ይነግሩናል። ያች ሴት ተውበቷ አማረ፤ አገባች፤ ከዚያም ወደ ዓኢሻ ዘንድ ትመጣ ነበር፤ ዓኢሻም ጉዳይዋን ተቀብለው ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ያደርሱላት ነበር።

ይህን የሐዲሱን ጫፍ ቆም ብለን እንየው። የዚች ሴት ቅጣት በመዝገብ የተጻፈ ብቻ አልነበረም፤ በአካሏ ላይ የሚታይ ነበር። ገበያ ስትወጣ፣ ዕቃ ስታነሳ፣ ያገኛት ሁሉ ያየዋል። ያም ሆኖ የሚያገባት ሰው አገኘች። ችግሯን ይዛ የምትገባበት በር አገኘች፤ በሩም የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት በር ነበር። ፍርዱን ያለ አድልዎ ያስፈጸሙት እሳቸው፣ ከፍርዱ በኋላ ጉዳይዋን የሚሰሙላትም እሳቸው ነበሩ። ፍርድ ላይ መጥበቅና ከፍርድ በኋላ በር መክፈት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ዘመዳችን ሲያጠፋ ፍርዱ እንዲላላ አማላጅ እንልካለን፤ ቅጣቱን ጨርሶ ሲመጣ ደግሞ እንሸሸዋለን።

እንጀራን ስለመከልከል ደግሞ በቀጥታ የወረደ የቁርኣን አንቀጽ አለን። በኢፍክ ጊዜ፣ ማለትም በእናታችን ዓኢሻ ላይ ሐሰት በተወራበት ጊዜ፣ ወሬውን ካራገቡት አንዱ ሚስጠሕ ነበር። ሚስጠሕ የአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመድ፣ ድሃ፣ ከመካ የተሰደደ፣ በበድር የተዋጋ ሰው ነው። የሚተዳደረውም አቡበክር በሚሰጡት ነበር። የዓኢሻን ንጽሕና የሚናገረው አንቀጽ ወርዶ ሐሰተኞቹ ከተለዩ በኋላ፣ በሐዲስ እንደተዘገበው ሚስጠሕም የስም ማጥፋት ቅጣቱን ተቀበለ። አቡበክርም ከእንግዲህ ለዚህ ሰው ምንም አልሰጥም ብለው ማሉ።

ውድ አድማጮች፣ እስቲ ራሳችሁን በአቡበክር ቦታ አድርጉ። የተነካው የገዛ ልጃቸው ክብር ነው። የነካው በእጃቸው የሚበላ ሰው ነው። ከመካከላችን ይህን መሐላ የሚነቅፍ ይኖራል? አላህ (ሱ.ወ) ግን በሱረቱ ኑር 22ኛው አንቀጽ፣ የችሮታና የሀብት ባለቤቶች ለዘመድ፣ ለድሃና በአላህ መንገድ ለተሰደደ ላለመስጠት እንዳይምሉ አስተማረ፤ ይቅር እንዲሉ አዘዘ፤ አላህ እነሱን እንዲምራቸው አይወዱ እንደሆነም ጠየቀ። አቡበክርም የአላህን ምሕረት እንደሚወዱ ተናግረው የሚሰጡትን መለሱለት፤ ዳግመኛም እንደማያቋርጡበት ማሉ። የሚስጠሕ ጥፋት ቀላል ነው አልተባለም። ጥፋቱ ግን ጉሮሮው የሚዘጋበት ምክንያት አልሆነም።

እንግዲህ ወደ ቅጥር ራሱ እንምጣ። ሠራተኛ ስለመቅጠር ስናወራ ሁላችንም የምንጠቅሳት መስፈርት አለች። በሱረቱል ቀሶስ ውስጥ የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ለአባቷ ከሚቀጠር ሰው ሁሉ በላጩ ብርቱና ታማኝ የሆነው እንደሆነ የነገረችው ነው። በየማስታወቂያው፣ በየስብሰባው እንሰማታለን። ያ ቅጥር የተጠየቀለት ሰው በዚያች ሰዓት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ግን አናስብም።

ሙሳ (ዐ.ሰ) ነበሩ። ከግብጽ ሸሽተው የመጡ ናቸው። በጠብ መካከል ገብተው በቡጢ የመቱት ሰው ሞቶባቸዋል፤ የከተማው ሹማምንት ሊገድሏቸው ይመካከሩባቸዋል። ሐሻ፣ ነቢይን ከወንጀለኛ ጋር እያወዳደርኩ አይደለም። ሊገድሉ አስበው አልመቱም፤ ወዲያው ወደ ጌታቸው ተመልሰው ምሕረት ጠየቁ፤ አላህም እንደማራቸው ቁርኣን ይመሰክራል። ነገር ግን ለመድየን ሰዎች እሳቸው ነቢይ አይደሉም። በእጁ ሰው የሞተበት፣ ዋስ የሌለው፣ የሚያውቀው የሌለ፣ ስንቅ እንኳ ያልያዘ የሩቅ አገር ስደተኛ ናቸው።

የታሪኩን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። መጀመሪያ የታየው ሥራቸው ነው፤ የሁለቱን ሴቶች መንጋ ማንም ሳይጠይቃቸው አጠጡ። ከዚያ ተጠሩ። ከዚያ ታሪካቸውን ሁሉ ለሽማግሌው ነገሩ፤ አልደበቁም። ሽማግሌው ሰምተው አትፍራ አሏቸው። የቅጥሩ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውሉም ግልጽ ነበር፤ ስምንት ዓመት፣ ከፈቀዱ ዐሥር። አሠሪው ሳያውቅ አልቀጠረም፤ አውቆም አላባረረም።

በነገራችን ላይ፣ ስለ እስረኛ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው፤ ከእስር ወጥተው የግብጽ ጎተራ ኃላፊ ሆነዋልና። ድንቅ ታሪክ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን አይበቃንም። ዩሱፍ ንጹሕ ነበሩ፤ ከመውጣታቸውም በፊት ጉዳዩ እንዲጣራ ጠይቀው ንጽሕናቸው ታወቀ። ንጹሑን መቀበል ማንም ያውቅበታል። እኛም አይተነዋል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ በሃይማኖት መብት ጥያቄ የታሰሩ ወንድሞቻችን ሲፈቱ በደስታ ተቀበልናቸው፤ የሚገባም ነበር። ነገር ግን በዚያው የቃሊቲ በር፣ በዚያው የቂሊንጦና የዝዋይ በር፣ ሰርቆ የታሰረው፣ በጠብ ሰው ያቆሰለው፣ በደረቅ ቼክ የተፈረደበት ሙስሊም ወንድማችንም ወጥቷል። እሱን በሩ ላይ የጠበቀው ማን ነበር?

አሁን የነጋዴውን ጥያቄ እሰማለሁ። «ኡስታዝ፣ ገንዘቡ የአንተ ቢሆን እንዲህ አትልም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ነብዩስ (ሰ.ዐ.ወ) ሙእሚን ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ እንደማይነደፍ አላስተማሩም ወይ?»

አስተምረዋል። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፤ የሚጠይቀውም ጥንቃቄ ነው። ገንዘብ አማና ነው፤ የልጆችህ ሐቅ አለበት፤ የሸሪኮችህ ሐቅ አለበት። ዓይንህን ጨፍነህ ቅጠር የሚልህ ሸሪዓ የለም። ነገር ግን ሐዲሱ የሚናገረው ስለ አንድ ጉድጓድ ነው። ከካዝና ገንዘብ ያጎደለን ሰው መልሰህ ካዝና ላይ አታስቀምጠው፤ እንጨት ቤት ሚስማር ቢመታልህ ምን ይነድፍሃል? በመጠጥ መኪና ያጋጨን ሰው መሪ አትስጠው፤ ጎማ ቢቀይርልህ፣ ዳቦ ቢጋግርልህ ምን ነካህ? በወጣትነቱ በሰፈር ጠብ ሰው የፈነከተ ሰው ጨርቅ መስፋት የሚከለክለው ምን አለ? ጥፋቱንና ሥራውን አያይዞ ማየት ማለት ይህ ነው። ይህንኑ ስንል ደግሞ መጥበቅ ያለብን ቦታ እንጠብቃለን። በሕፃናት ላይ ጥፋት የፈጸመን ሰው የመድረሳ አስተማሪ ማድረግ ምሕረት ተብሎ አይጠራም፤ በሕፃናቱ ላይ ግፍ ነው።

ዑለሞቻችንም እንዲህ ለይተው አይተዋል። በሰው ክብር ላይ ሐሰት ያወራና የተቀጣ ሰው ከተውበት በኋላ ምስክርነቱ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም በሚለው ላይ ተለያይተዋል። ማሊክ፣ ሻፊዒይና አሕመድ ይቀበላል ይላሉ፤ አቡ ሐኒፋ ተውበቱ ከኃጢአተኛነት ያወጣዋል፣ ምስክርነቱ ግን እንደተዘጋ ይቀራል ይላሉ። ጠንካራውን አቋም ብትይዙ እንኳ ክርክሩ ፍርድ ቤት ቆሞ ስለመመስከር ነው፤ ስለ ዕለት እንጀራው አይደለም። እኛ ግን አንዱን በር ዘግተን ማቆም አቅቶን ሁሉንም እንዘጋለን።

በምን እንወቀው ለሚለው ደግሞ መልሱ ጊዜና ሥራ ነው። መጀመሪያ በቀን ሒሳብ አሠራው። ሦስት ወር እየው። ቁልፍ ከመስጠትህ በፊት መዶሻ ስጠው። ይህን ለማንኛውም አዲስ ሠራተኛ ማድረግ አለብህ፤ ወረቀቱ ንጹሕ የሆነው ሁሉ ታማኝ አይደለም። መርካቶ ውስጥ ስንት ሰው የተከዳው አንድ ቀን እንኳ ታስሮ በማያውቅ የገዛ ዘመዱ እንደሆነ ነጋዴዎቻችን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ወሬ ነው። ሰውዬው አንድ ቦታ ተቀጥሮ ደህና እየሠራ ሳለ የሰፈሩ ሰው ይመጣና በአሠሪው ጆሮ «ይሄ ልጅ ታስሮ እንደነበር ታውቃለህ?» ይላል። በነጋታው ሥራ የለም። ያ ሰው መልካም የሠራ ይመስለዋል። እውነት መሆኑ ሐሜትን ሐላል አያደርገውም፤ ሐሜት ማለት እውነቱን እሱ በሌለበት ማውራት ነውና፣ ሐሰት ከሆነማ ቡህታን ነው። አዎን፣ ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ማውራት ከሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች አንዱ ምክር መጠየቅ መሆኑን ጽፈዋል። አሠሪው መጥቶ ስለዚህ ሰው ምን ትመክረኛለህ ካለህ አትዋሸው። ያን ጊዜም የሚነገረው ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ ያጠፋውን የምታውቅ ከሆነ ከዚያ ወዲህ የታየበትን መልካምም ተናገር። ሳትጠየቅ ሄደህ የምትነግረው ግን ምክር ተብሎ አይጠራም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ደጋግሞ የተገረፈ አንድ ሰው ነበር። አንዱ ሲረግመው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉ፤ ያ ሰው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቡኻሪ ዘግበውታል። ገና ጥፋቱን ያልተወው እንዲህ ከተጠበቀ፣ ትቶት የመጣውማ ምን ያህል ይጠበቅ?

የአገራችን ሕግ በዚህ ላይ የሚለውን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1996 ዓ.ም የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም ስለሚባል ነገር ይናገራል። በተራ ቋንቋ ስምን መመለስ ማለት ነው። ጽኑ እስራት ተፈርዶበት የነበረ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ አምስት ዓመት፣ ቀላል እስራት ከነበረ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ መልካም ጠባይ ካሳየና የተፈረደበትን ካሳ አቅሙ በፈቀደ ከከፈለ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በክፋት ተነሳስቶ ያንን የቆየ ፍርድ እያነሳ የሚያዋርደውን ሰው ሕጉ በስም ማጥፋት ይጠይቀዋል፤ «ያልኩት እውነት ነው» ማለትም አያድነውም።

ካሳ የሚለውን ቃል ሰማችሁ? ይህን ስሰማ የተውበት መስፈርቶች ትዝ ይሉኛል። ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ። የተሰረቀውም ሰው አለ፤ የተፈነከተውም ሰው አለ። ስለ ወጣው እስረኛ ስናዝን እሱን መርሳት የለብንም። ይህ ግን ሥራ መስጠትን የሚያጠነክር እንጂ የሚያዳክም ነገር አይደለም። ደመወዝ የሌለው ሰው ካሳ በምን ይከፍላል? ሥራ የከለከልነው ሰው የተበዳዩንም ሐቅ ነው ያዘገየነው።

ከአገራችን ውጭም ይህ ጉዳይ ሲያከራክር ቆይቷል። በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ተመሳሳይ ችሎታና ትምህርት ያላቸውን ወጣቶች ሥራ እንዲያመለክቱ ላኩ፤ ልዩነቱ ከፊሎቹ ታስረው ነበር ተብሎ መቅረቡ ብቻ ነው። ከነጮቹ መዝገብ ከሌላቸው ከመቶ 34 ያህሉ ተመልሰው ሲጠሩ፣ መዝገብ አላቸው ከተባሉት የተጠሩት 17 ብቻ ነበሩ። ከጥቁሮቹ መዝገብ የሌላቸው 14፣ ያላቸው 5። አስተውሉ፤ ምንም ያላጠፋው ጥቁር ከታሰረው ነጭ ያነሰ ተጠርቷል። ለዚህ ነው በዚያ አገር በርካታ ግዛቶች አሠሪው በማመልከቻው ወረቀት ላይ ታስረህ ታውቃለህ ብሎ እንዳይጠይቅ የከለከሉት። ቀዳሚዋ ሐዋይ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1998። እዚያ አሠሪው መጀመሪያ የሰውየውን ችሎታ ያያል፤ ልቀጥርህ ካለው በኋላ ስለ መዝገቡ ይጠይቃል፤ ሊከለክለውም የሚችለው ጥፋቱ ከሥራው ጋር የሚያያዝ ሲሆን ነው። የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ቅደም ተከተል አስታውሱ፤ መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ታሪክ፣ ከዚያ ውል። ይህን ለማድረግ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። ሱቁ የራሳችን ነው፤ መጀመሪያ ምን እንደምንጠይቅ የምንወስነውም እኛው ነን።

ስለ ተያዥ ትንሽ ልጨምር። በአገራችን ትልቁ ግንብ እሱ ነው፤ ችሎታ ያለው፣ አሠሪውም የፈቀደለት ሰው ተያዥ አጥቶ ይቀራል። በፊቅሃችን ዋስትና የታወቀ መልካም ሥራ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይሰግዱበት ሲቀሩ፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን ብለው ዋስ ሆኑ፤ ያን ጊዜ ሰገዱበት። ለአንድ ሰው ብቻውን ዋስ መሆን ይከብዳል፤ እውነት ነው። ግን አንድ ጀማዓ አምስት ስድስት ሰው ሆኖ ቢካፈለውስ? ለቀብር እድር አለን፤ ለሠርግ እንሰባሰባለን፤ በረመዳን ለእስረኞች ማፍጠሪያ ተምርና ሾርባ ይዘን እንሄዳለን፣ አላህ ይቀበለን። ተምሩን የሰጠነው ሰው ከወጣ በኋላ ስሙን የሚጠይቅ ከመካከላችን ስንት አለ? ካሳ ወይም ዕዳ ላለበት ደግሞ በሱረቱ ተውባ ከተቆጠሩት የዘካ ባለመብቶች መካከል ባለዕዳዎች እንዳሉ አንርሳ፤ የማን ዕዳ እንደሚገባበት የአካባቢያችሁን ዑለሞች ጠይቁ።

እናቶችና እህቶች፣ ይህ የወንዶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታስራ የወጣች ሴት መከራዋ እጥፍ ነው። ወንዱ «አጥፍቶ ነበር» ይባላል፤ እሷ ግን «እሷ እኮ» ተብላ አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትዘጋለች። ከአረብ አገር የመኖሪያ ፈቃድ አጥታ ታስራ የተመለሰችውም ሳትቀር፣ ማንንም ሳትበድል፣ በዚሁ ዓይን ትታያለች። ልብስ መስፋት፣ እንጀራ መጋገር፣ ምግብ ቤት ማብሰል የምትችል ከሆነ ቤታችሁ ቅርብ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያችን የመኽዙም ሴት ከደጅ አልመለሷትም።

የጥንት የአዲስ አበባ ሰዎች እስር ቤቱን ከርቸሌ ይሉት ነበር። ዓለም በቃኝ የተባለው ግንብ ፈርሶ በቦታው የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ በጥር 2004 ዓ.ም ተመርቋል። ወህኒ ቤት የሚለው ስምም ተቀይሮ ማረሚያ ቤት ሆኗል። ከማረሚያ ቤት የወጣን ሰው ታርሞ ሊሆን ይችላል ብለን ለማሰብ ግን አሁንም ይከብደናል።

በመጨረሻ፣ ይህን ከእስር ወጥተህ የምትሰማ ወንድሜ፣ አንዳንድ ነገር ልንገርህ። የተፈታህበትን ወረቀትና እዚያ የተማርክበትን ማስረጃ አትጣል፤ ለመታወቂያህ እድሳትም ለሥራም ያስፈልጉሃል። አሠሪው ከጠየቀህ አትዋሽ፤ አጭር አድርገህ ተናገር፣ ምን እንዳጠፋህ፣ ምን እንደተማርክ፣ አሁን ምን መሥራት እንደምትችል። የመጀመሪያው ደመወዝ ትንሽ ቢሆን አትናቀው። ካሳ ካለብህ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ክፈል፤ ደረሰኙን በአንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጥ። የወጣህበትን ቀን ጻፈው። ሁለት ወይም አምስት ዓመቱ ሲሞላ ያንን ፖስታ ይዘህ ለፍርድ ቤት አመልክት። ማመልከቻውን ለመጻፍ በየመስጂዱ ሕግ የተማረ አንድ ወንድም አይጠፋም፤ ከጁሙዓ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።